የዳታቤዝ የሥልጣን ዝላይ ክፍተት ሲገኝ የቱ መፍትሔ ይሻላል? ስድስት አማራጮች በንጽጽር

ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ዝቅተኛ መብት ያለው ተጠቃሚ በዚህ ክፍተት አማካይነት የዳታቤዙን ሙሉ ሥልጣን ሊያገኝ ይችላል።» ከሥሩ ቁጥር አለ። ከቁጥሩ ሥር ደግሞ «አዲሱን ቨርዥን ጫኑ» የሚል አንድ መስመር። ከዚያ ክርክሩ ይጀምራል። አንዱ ዛሬ ማታ እንጫን ይላል። ሌላው ሲስተሙ ይቆምብናል ይላል። ሦስተኛው «አጥቂው መጀመሪያ አካውንት ያስፈልገዋል ተብሏል፤ እኛ ጋ ደግሞ ማን አካውንት አለው?» ብሎ ወሬውን ሊዘጋ ይሞክራል። ወደ ክላውድ ሄደን እንገላገል የሚልም አይጠፋም።

ሁሉም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የማይግባቡት ስለተለያየ ነገር እያወሩ ስለሆነ ነው። ስለዚህ መፍትሔዎቹን ከማወዳደራችን በፊት ክፍተቱ ምን ዓይነት እንደሆነና መፍትሔውን በምን እንደምንመዝነው እናጥራ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## አጥቂው አካውንት ከየት ያመጣል?

የሦስተኛውን ሰውዬ ጥያቄ ቶሎ እንመልስለት። ባለሙያዎች ፕሪቪሌጅ ኤስካሌሽን የሚሉት ትንሽ መብት ይዞ ገብቶ ትልቁን ይዞ መውጣትን ነው። መነሻ የሚሆን አካውንት መፈለጉ እውነት ነው። ግን ያ አካውንት የግድ የሰው መሆን የለበትም። አፕሊኬሽናችሁ ከዳታቤዙ ጋር የሚያወራበት አካውንት አለው። አፕሊኬሽኑ ላይ አንድ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ቀዳዳ (አጥቂው በአፕሊኬሽኑ በኩል የራሱን ትዕዛዝ ወደ ዳታቤዙ የሚያስገባበት) ከተገኘ፣ አጥቂው ያለ ምንም ፓስወርድ በዚያ አካውንት መብት መሥራት ይጀምራል። የሪፖርት ማውጫው አካውንት፣ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት፣ ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳውም እዚያው ላይ ይደመራሉ።

ስለዚህ «ዝቅተኛ መብት ያስፈልገዋል» የሚል ስታዩ «አፕሊኬሽናችን ቢሰበርስ?» ብላችሁ አንብቡት።

## ክፍተቱ ከሦስቱ የቱ ነው?

አንደኛው የኮድ ስህተት ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ መከልከል የነበረበትን ሳይከለክል ሲቀር። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2020 ፖስትግሬስኪውኤል (በአጭሩ ፖስትግሬስ) በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የተገኘው ሲቪኢ-2020-25695 ነው፤ ሲቪኢ ለታወቁ ክፍተቶች የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው። ፖስትግሬስ ቴብሎችን ከጀርባ ሆኖ የሚያጸዳና ስታቲስቲክስ የሚሰበስብ «ኦቶቫኩም» የሚባል ሠራተኛ አለው። ይህ ሠራተኛ የሱፐርዩዘር፣ ማለትም ዳታቤዙ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችል ተጠቃሚ፣ ሥልጣን አለው፤ የተጠቃሚን ኢንዴክስ ሲነካ ግን ሥልጣኑን ለጊዜው አውልቆ በቴብሉ ባለቤት ስም እንዲሠራ ተደርጓል። አጥቂው ያገኘው ዘዴ «አሁን ሳይሆን መጨረሻ ላይ ሩጥ» የተባለ ትሪገር (አንድ ነገር ሲከሰት በራሱ የሚነሳ ኮድ) ማስቀመጥ ነበር። ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ ሥልጣኑን መልሶ ሲለብስ ትሪገሩ ይነሳል። ያኔ በሱፐርዩዘር ስም ነው የሚሮጠው። የራሱን ቴብል መፍጠር የሚችል ማንኛውም ተጠቃሚ ይህን ማድረግ ይችል ነበር።

ሁለተኛው በእጃችን የሰጠነው መብት ነው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ የተባለውን ነው የሚያደርገው። ፖስትግሬስ ላይ እስከ ቨርዥን 14 ድረስ፣ ዳታቤዙ ውስጥ መግባት የሚችል ሁሉ «ፐብሊክ» በሚባለው የጋራ ስኪማ (የቴብሎችና የፋንክሽኖች ማኖሪያ ክፍል) ውስጥ የፈለገውን መፍጠር ይችል ነበር። ዲፎልቱ (ማንም ካልነካው የሚኖረው ቅንብር) እንደዚያ ነበር። አንድ ተራ ተጠቃሚ እዚያ «ሎወር» የሚባል ፋንክሽን ፈጠረ እንበል። ሎወር ጽሑፍን ወደ ትናንሽ ፊደላት የሚቀይር፣ ሁሉም ሰው የሚጠራው ፋንክሽን ነው። ዋናው ሎወር የሚቀበለው «ቴክስት» የሚባለውን የዳታ ዓይነት ነው፤ የሰውዬው ሎወር ግን «ቫርካር» ይቀበላል። አድሚኑ ቫርካር የሆነ ኮለም ላይ ሎወርን ሲጠራ ዳታቤዙ ይበልጥ የሚገጥመውን ይመርጣል። ይበልጥ የሚገጥመው ደግሞ የሰውዬው ነው። የሰውዬው ኮድ በአድሚኑ ሥልጣን ሮጠ ማለት ነው። ፋንክሽኑ ትክክለኛውን መልስም አብሮ ስለሚመልስ አድሚኑ ምንም አይጠረጥርም።

ይህ በ2018 ሲቪኢ-2018-1058 ተብሎ ተመዘገበ። ያኔ ለተጠቃሚዎች የተሰጠው መልስ በአብዛኛው ምክር ነበር፦ የመፍጠር መብቱን ንሱ፣ የስኪማ ፍለጋ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ዲፎልቱ ራሱ የተቀየረው በ2022 በወጣው ቨርዥን 15 ነው።

የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ በሆነው ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ትረስትወርዚ» የሚባል የዳታቤዝ ቅንብር ሲከፈት ሰርቨሩ ያንን ዳታቤዝ ያምነዋል። የዳታቤዙ ባለቤት «ኤስኤ» (የሰርቨሩ ዋና አድሚን አካውንት) ከሆነና አንድ ሰው እዚያ ዳታቤዝ ላይ ብቻ ሙሉ መብት ያለው «ዲቢ_ኦነር» ከሆነ፣ በባለቤቱ ስም የሚሮጥ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጥ ኮድ) ጽፎ ራሱን ሲስአድሚን፣ ማለትም የሰርቨሩ ሙሉ ባለሥልጣን፣ ማድረግ ይችላል። ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። ምንም ፓች (የማስተካከያ አፕዴት) አይከለክለውም፤ የተበላሸ ነገር የለማ!

ሦስተኛው ከዳታቤዙ ወደ ማሽኑ መውጣት ነው። በ2016 የተገኘው የማይኤስኪውኤል ክፍተት ሲቪኢ-2016-6662 እዚህ ይመደባል። አጥቂው የዳታቤዙን ሎግ መጻፊያ ተጠቅሞ የቅንብር ፋይሉ ውስጥ የራሱን መስመር ይጨምራል። መስመሩ «ስትነሳ ይህን ላይብረሪ ጫን» ይላል። ማስነሻው ስክሪፕት በ«ሩት»፣ ማለትም በማሽኑ ሙሉ ሥልጣን፣ የሚሮጥ ስለነበር፣ በሚቀጥለው ሪስታርት ማሽኑ በሙሉ የአጥቂው ሆነ። ማሪያዲቢና ፐርኮና ሰርቨርም ከአንድ ግንድ ስለሆኑ ተነክተው ነበር።

ፖስትግሬስም የሲስተም ትዕዛዝ የማስኬድ አቅም አለው። «ኮፒ» በሚባለው ትዕዛዝ ሱፐርዩዘር የሆነ ሰው ማሽኑ ላይ ፕሮግራም ማስነሳት ይችላል። በ2019 አንድ ሰው ይህን እንደ ክፍተት አስመዝግቦት ቁጥርም ወጣለት። የፖስትግሬስ ሰዎች ግን «ሱፐርዩዘር ይህን እንዲያደርግ ነው የሠራነው» ብለው አልተቀበሉትም። ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ትርጉሙም ከባድ ነው፦ ለአፕሊኬሽናችሁ ሱፐርዩዘር ከሰጣችሁ የማሽኑን ሼል (ትዕዛዝ መስጫውን) አብራችሁ ሰጥታችኋል።

አሁን ክርክሩን መፍታት ይቻላል። ፓች የመጀመሪያውን ዓይነት ይዘጋል። ሁለተኛውን አይነካውም። ሦስተኛውን ግማሽ በግማሽ ነው። የትኛውንም መፍትሔ ከመግዛታችሁ ወይም ከመጫናችሁ በፊት ይህን መለየት ግዴታ ነው።

## መመዘኛዎቹ

እያንዳንዱን አማራጭ በእነዚህ ነው የምናየው፦

- ከሦስቱ ዓይነቶች የትኞቹን ይዘጋል?
- ከውሳኔ እስከ ደኅንነት ስንት ጊዜ ይወስዳል?
- ሥራ ያቋርጣል? አፕሊኬሽን ሊሰብር ይችላል?
- ምን ያህል ገንዘብና የሰለጠነ ሰው ይጠይቃል?
- ነገ ሌላ ክፍተት ቢመጣ ዛሬ የሠራነው ይጠቅመናል?

የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ለእኔ ግን ከሁሉም ከባዷ እሷ ናት።

## አማራጭ 1፦ ትንሿን አፕዴት መጫን

ከ13.0 ወደ 13.1 እንደመሄድ ያለውን ማለቴ ነው። ካላችሁበት ቨርዥንና ቦታ ሳትወጡ የኮድ ስህተትን የሚዘጋው ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው። ፖስትግሬስ ላይ ዳታ ማውጣትና መመለስ አይጠይቅም። ሶፍትዌሩን መተካትና ሪስታርት ማድረግ ነው። ሬፕሊካ (የዳታቤዙን ቅጂ የያዘ ሁለተኛ ሰርቨር) ካላችሁ መጀመሪያ እሱን አዘምናችሁ፣ ሥራውን ወደሱ አዙራችሁ፣ ከዚያ ዋናውን ማዘመን ትችላላችሁ። እንዲህ ሲደረግ መቋረጡ በጣም አጭር ነው።

ቀኑም አስቀድሞ ይታወቃል። ፖስትግሬስ በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር ያወጣል። ኦራክል የራሱን ዳታቤዝና ማይኤስኪውኤልን በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር። ማይክሮሶፍት የደኅንነት ማስተካከያዎቹን በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ። እነዚህን ካላንደራችሁ ላይ አስገቡና የጥገና ሰዓት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። «ዛሬ ማታ ይሁን አይሁን» የሚለው ጭቅጭቅ ግማሹ በዚህ ይቀራል። ከተራ ውጭ የሚመጣም አለ። በኦገስት 2018 ኦራክል ሲቪኢ-2018-3110ን ቀኑን ሳይጠብቅ ለብቻው አውጥቶ ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ ባለው የጃቫ ክፍል ላይ የተገኘ ሲሆን፣ የክብደት ነጥቡ ከ10 ላይ 9.9 ነበር። የሚጠይቀው መብት መግባት መቻል ብቻ ነበር።

ፓች የሚሰብረው ነገር አለ ወይ? አለ፤ ፈሪዎቹ ከባዶ አልተነሱም። በኖቬምበር 14 ቀን 2024 ፖስትግሬስ አንድ የሥልጣን ክፍተት ሲዘጋ፣ ለተጠቃሚ አስቀድሞ ሮል (የመብቶች ጥቅል) የሚመድበውን ቅንብር አብሮ አበላሸው። በዚያው ዙር በወጣ ሌላ ለውጥም አንዳንድ ኤክስቴንሽኖች (ዳታቤዙ ላይ የሚጨመሩ ተጨማሪ ክፍሎች) ተቸገሩ። በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 21፣ ማስተካከያው ወጣ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት «አትጫኑ» የሚል አይደለም። መጀመሪያ በሙከራ ሰርቨር ላይ ጫኑ፣ አፕሊኬሽኑን አስኪዱ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ሂዱ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት መስመር አለ። «ጂዲአር» የሚባለው የደኅንነትና በጣም አስፈላጊ የሆኑ ማስተካከያዎችን ብቻ ይይዛል። «ሲዩ» ደግሞ ሁሉንም ለውጥ ያከማቻል። የሚሰበር ነገር በጣም የሚያሳስባችሁ ከሆነ ጂዲአር ይሻላል። አንዴ ሲዩ ከጫናችሁ ግን በሲዩ መስመር ነው የምትቀጥሉት።

## አማራጭ 2፦ ጊዜያዊ መዝጊያ

ፓቹ እስኪጫን ድረስ ክፍተቱ ያለበትን ነገር ማጥፋት ነው። አንዳንዴ ግሩም ነው። በ2024 ፒኤል-ፐርል በሚባለው የፖስትግሬስ ኤክስቴንሽን ላይ ተራ ተጠቃሚ ኮድ ማስኬድ የሚያስችለው ክፍተት ተገኘ፤ ሲቪኢ-2024-10979። ኤክስቴንሽኑን የማይጠቀም ሰው አጥፍቶት በዚያው ይገላገላል።

አንዳንዴ ደግሞ ከበሽታው መድኃኒቱ ይብሳል። ከላይ ባነሳሁት የ2020 ክፍተት ላይ፣ ወዲያው ማዘመን ለማይችሉ የተሰጠው ምክር ኦቶቫኩምን ማጥፋት ነበር። ከዚያም በላይ ኢንዴክስ አለመሥራት፣ ከባክአፕ አለመመለስ። ኦቶቫኩም የጠፋበት ፖስትግሬስ ብዙም ሳይቆይ እየከበደና እየዘገመ ይሄዳል። ትንሿን አፕዴት መጫን ከዚህ በብዙ ይቀልላል።

ጊዜያዊ መዝጊያ ስታደርጉ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉበት። ቀን ያልተጻፈበት ጊዜያዊ ነገር ቋሚ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን የማያውቅ የአይቲ ሰው የለም።

## አማራጭ 3፦ መብት መቀነስ

እውነቱን ለመናገር ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይህ ክፍል ነው። ሰው ገንዘብ አውጥቶ የክትትል ሶፍትዌር ይገዛል። አፕሊኬሽኑ ግን ዛሬም በሱፐርዩዘር ይገባል! መብት መቀነስ የላይሰንስ ወጪ የለውም። የሚበላው ጊዜና ትዕግሥት ነው። ሁለተኛውን ዓይነት ይዘጋል፣ ሦስተኛውን በብዛት ይዘጋል፣ የመጀመሪያውን ደግሞ ያዳክመዋል። ቴብል መፍጠር የማይችል አካውንት የ2020ውን ትሪገር የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ከየት ይጀመራል? ከአካውንቶች ክፍፍል። አንድ አፕሊኬሽን ቢያንስ ሁለት አካውንት ያስፈልገዋል። አንዱ የቴብሎቹ ባለቤት ሆኖ አዲስ ቨርዥን ሲጫን ብቻ የሚሠራ። ሌላው በየቀኑ የሚሮጠው፣ ማንበብ፣ መጨመር፣ ማስተካከልና መሰረዝ ብቻ የሚችል። ብዙ ቦታ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ቀን ሲሠራ እንደዚያ ቀለለ።

ከዚያ በኋላ የሚፈተሸው በየሶፍትዌሩ ይለያያል።

*ፖስትግሬስ።* የሱፐርዩዘሮችን ዝርዝር አውጡና ለእያንዳንዱ «ለምን?» በሉ። ፐብሊክ ስኪማ ላይ ያለውን የመፍጠር መብት ንሱ። በባለቤቱ ሥልጣን የሚሮጡ፣ «ሴኪውሪቲ ዲፋይነር» የተባሉ ፋንክሽኖችን ሁሉ ፈልጉ፤ የስኪማ ፍለጋ ቅደም ተከተላቸው እዚያው ፋንክሽኑ ላይ ካልተቆለፈ ሎወር ላይ ያየነው ዘዴ ይሠራባቸዋል። «ክሬትሮል» የሚባለው ሮል የመፍጠር መብት የተሰጠው ሰው ካለም ተጠንቀቁ። እስከ ቨርዥን 15 ድረስ ይህ መብት ያለው ሰው ሱፐርዩዘር ያልሆነውን ማንኛውንም ሮል ለራሱ መስጠት ይችላል። ከነዚያ ሮሎች አንዱ ደግሞ ማሽኑ ላይ ፕሮግራም የማስኬድ ሮል ነው። በሌላ አነጋገር ሱፐርዩዘር ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። ቨርዥን 16 ይህን ጠበቅ አድርጎታል።

*ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ።* መጀመሪያ «ፋይል» እና «ሱፐር» የሚባሉትን መብቶች ከአፕሊኬሽን አካውንት አውጡ። ፋይል ማንበቢያና መጻፊያ ቦታውን በ«ሴኪውር_ፋይል_ፕሪቭ» ገድቡ። የቅንብር ፋይሉን ዳታቤዙ የሚሮጥበት የሲስተም ተጠቃሚ መጻፍ የሚችል መሆን የለበትም፤ የ2016ቱ ዘዴ አንዱ መንገድ ይህ ነበር። ሌላው ሰው የማያየው ነገር ፕሮሲጀሮች ናቸው። ማይኤስኪውኤል ላይ ፕሮሲጀር በዲፎልት የሚሮጠው በጠሪው ሳይሆን በፈጠረው ሰው ሥልጣን ነው። ከድሮ ባክአፕ የተመለሱ ፕሮሲጀሮች ላይ ፈጣሪው «ሩት» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ውስጡ ጽሑፍ እየገጣጠመ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) የሚሠራ ፕሮሲጀር ከሆነ፣ በሩት ስም ኢንጀክሽን ተመቻቸ ማለት ነው።

*ኤስኪውኤል ሰርቨር።* ትረስትወርዚ የተከፈተባቸውን ዳታቤዞች ዘርዝሩ። የሰርቨሩ የራሱ ዳታቤዝ በሆነው «ኤምኤስዲቢ» ላይ በዲፎልት ክፍት ነው፤ እሱን ተዉት። ሌሎቹን ግን ለምን እንደተከፈቱ ጠይቁ። የፈለጋችሁት ፕሮሲጀር ከፍ ያለ መብት እንዲኖረው ከሆነ ፕሮሲጀሩን በሰርተፊኬት መፈረም የተሻለ መንገድ ነው። «ኢምፐርሶኔት» (በሌላ ሰው ስም የመሥራት መብት) የተሰጣቸውን ሎጊኖችና ወደ ሌላ ሰርቨር የተዘረጉ ሊንክድ ሰርቨሮችን ፈትሹ። «ሴኪውሪቲአድሚን» የሚባለውን ሮል ማይክሮሶፍት ራሱ ከሲስአድሚን እኩል ቁጠሩት ይላል። ማሽኑ ላይ ትዕዛዝ የሚያስኬደው «ኤክስፒ_ሲኤምዲሼል» ከ2005 ቨርዥን ጀምሮ በዲፎልት ዝግ ነው። ሲስአድሚን የሆነ ሰው ግን በአንድ ትዕዛዝ መልሶ ይከፍተዋል፤ ስለዚህ መዘጋቱ ብቻውን ልባችሁን አያሳርፈው።

*ኦራክል።* «ኤኒ» (ማንኛውም) የሚል ቃል ያለባቸውን መብቶች ፈልጋችሁ አውጡ። በማንኛውም ስኪማ ውስጥ ፕሮሲጀር የመፍጠርና የማስኬድ መብት ያለው ሰው፣ ዲቢኤ (የዳታቤዝ አስተዳዳሪ) በሆነ ተጠቃሚ ስኪማ ውስጥ ፕሮሲጀር ጽፎ ያስኬደዋል። ፕሮሲጀሩ በባለቤቱ ሥልጣን ስለሚሮጥ ሰውዬው ዲቢኤ ሆነ። ከቨርዥን 12ሲ ጀምሮ የትኛው መብት በእርግጥ ጥቅም ላይ እንደዋለ የሚመዘግብ የመብት ትንተና መሣሪያ አለ። መብት ስትቀንሱ ግምትን በመረጃ ይተካላችኋል።

የዚህ አማራጭ ችግር ቀስ ብሎ መሄዱ ነው። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሮጥ ሪፖርት ይኖራል፤ መብቱን ስትነጥቁት የምታውቁት በዓመቱ ነው። ስለዚህ አንድ አንድ እያላችሁ፣ የመመለሻ ትዕዛዙን አዘጋጅታችሁ፣ የስህተት ሎጉን እያያችሁ ቀንሱ።

## አማራጭ 4፦ ወደ ትልቁ ቨርዥን መሸጋገር

ድጋፍ ያበቃ ቨርዥን ላይ ከሆናችሁ ይህ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው። ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ትልቅ ቨርዥን ለ5 ዓመት ይደግፋል። የማይኤስኪውኤል 5.7 ድጋፍ በኦክቶበር 2023 አብቅቷል። የኤስኪውኤል ሰርቨር 2014 በጁላይ 2024።

ትልቁ ቨርዥን የተሻሉ ዲፎልቶች ይዞ ይመጣል። ማይኤስኪውኤል 8 ሱፐር የሚባለውን አንድ ግዙፍ መብት ወደ ትናንሽ መብቶች ከፋፍሎታል፤ ሮልም አምጥቷል። ፖስትግሬስ 15ንና 16ን ከላይ አይተናል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ከድሮ ቨርዥን የተሻገረ ዳታቤዝ የድሮ መብቶቹን ይዞ ነው የሚሻገረው። ከ14 ወደ 15 ስትሄዱ አዲስ የምትፈጥሩት ዳታቤዝ ፐብሊክ ስኪማው ዝግ ነው፤ የተሸከማችሁት የድሮው ግን እንደተከፈተ ነው። «15 ላይ ነን» ብሎ መተኛት አይቻልም።

ወጪው ከፍ ያለ ነው። ሙሉ ሙከራ ይፈልጋል፤ አንዳንዴ የአፕሊኬሽን ኮድ ማስተካከልም ይመጣል። አስቸኳይ ክፍተት በወጣበት ሳምንት የሚጀመር ሥራ አይደለም።

## አማራጭ 5፦ ዳታቤዙን ለክላውድ አቅራቢ መስጠት

አቅራቢው ማሽኑን፣ ፓቹንና ባክአፑን ይይዛል። እውነተኛውን ሱፐርዩዘርም በአብዛኛው ለራሱ ያስቀረዋል። የአማዞን አርዲኤስ ላይ ፖስትግሬስ ስትከፍቱ የሚሰጣችሁ «አርዲኤስ_ሱፐርዩዘር» ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ሼል የለም፤ ማሽኑ ላይ ፕሮግራም ማስነሳት የለም። ለሦስተኛው ዓይነት ትልቅ እፎይታ ነው።

ሁለት ነገር ግን አይርሳ። አንደኛ፣ አቅራቢው ይህን ያነሰ ሱፐርዩዘር ለመፍጠር ሶፍትዌሩን ይቀይረዋል፤ ቅያሪው ራሱ አዲስ ክፍተት ሊያመጣ ይችላል። በኤፕሪል 2022 ዊዝ የተባለው የደኅንነት ድርጅት የማይክሮሶፍት አዡር ፖስትግሬስ አገልግሎት ላይ ያገኘውን ይፋ አድርጓል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ የሱፐርዩዘር ሥልጣን አገኙ፤ ቀጥለው የሌሎች ደንበኞች ዳታቤዝ ጋ መድረስ የሚያስችል መንገድ አሳዩ። ይፋ ከመሆኑ በፊት ማይክሮሶፍት ዘግቶት ነበር። ሁለተኛ፣ እናንተ የሰጣችሁትን መብት አቅራቢው አይነካውም። የተንዛዛ መብት ይዛችሁ ክላውድ ብትገቡ እዚያም የተንዛዛ ነው።

## አማራጭ 6፦ ክትትልና ኦዲት

ሱፐርዩዘር ሲፈጠር፣ ሮል ሲሰጥ፣ ትረስትወርዚ ሲከፈት ወዲያው መልእክት የሚልክ ነገር ማቆም ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን ብቻውን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው የሚሆነው። ሎጉን ዳታቤዙ ባለበት ማሽን ላይ ብቻ አታስቀምጡ። ሙሉ ሥልጣን ያገኘ አጥቂ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የኮድ ስህተት | የተሰጠ መብት | ወደ ማሽኑ መውጣት | ፍጥነት | የመስበር ስጋት | ወጪ | ለነገ ይጠቅማል? |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ትንሿ አፕዴት | ይዘጋል | አይነካም | በከፊል | ከሰዓታት እስከ ቀናት | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ለዚያ ክፍተት ብቻ |
| ጊዜያዊ መዝጊያ | ለጊዜው | አንዳንዴ | አንዳንዴ | ከደቂቃ እስከ ሰዓት | እንደ ሁኔታው | ዝቅተኛ | አይጠቅምም |
| መብት መቀነስ | ያዳክማል | ይዘጋል | በብዛት ይዘጋል | ከሳምንት እስከ ወራት | መካከለኛ | የሰው ጊዜ | በጣም |
| ትልቁ ቨርዥን | ይዘጋል | ለአዲስ ዳታቤዝ ብቻ | በከፊል | ወራት | ከፍተኛ | ከፍተኛ | አዎ |
| ክላውድ አቅራቢ | አቅራቢው ይዘጋል | አይነካም | በብዛት ይዘጋል | ወራት | ከፍተኛ | ወርኃዊ ክፍያ | አዎ |
| ክትትልና ኦዲት | ያሳያል እንጂ አይዘጋም | ያሳያል | ያሳያል | ከቀናት እስከ ሳምንታት | የለም ማለት ይቻላል | ከነጻ እስከ ውድ | አዎ |

## ለማን የቱ?

አንድ ሰርቨር፣ አንድ አፕሊኬሽን፣ ዲቢኤ የለም፣ በጀትም የለም። ትንሿን አፕዴት በየዙሩ ጫኑ። አፕሊኬሽኑን ከሱፐርዩዘር አውርዱት። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ከብዙ ነገር ያድናሉ። ማሽን ማስተዳደር ጭራሽ የማያዛልቃችሁ ከሆነ ክላውዱ ይሻላል፤ የሁለት አካውንት ክፍፍሉን ግን እዚያም ይዛችሁ ሂዱ።

ብዙ ሰው በአንድ ሰርቨር ላይ የራሱን ቴብልና ፋንክሽን የሚፈጥርበት ቦታ። የመረጃ ተንታኞች፣ ተማሪዎች ወይም የሆስቲንግ ደንበኞች የሚጋሩት ዓይነት። እዚህ የመፍጠር መብትን መንጠቅ አይቻልም፤ ሥራቸው እሱ ነው። ስለዚህ የኮድ ስህተት ሲወጣ ፓች በቀናት ውስጥ መጫን አለበት። የማይጠቀሙባቸውን ኤክስቴንሽኖች አጥፉ። አድሚኖችም በሱፐርዩዘር ገብተው የሌላ ሰው ቴብልና ቪው ላይ ኩዌሪ ባያስኬዱ ይመረጣል።

«ሶፍትዌራችን ያለ ኤስኤ አይሠራም» የሚል ሻጭ ያለባችሁ። የሚያስፈልገውን መብት በዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። ሲጨናነቅ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ይመጣል። ካልመጣ ለዚያ ሶፍትዌር የራሱን ሰርቨር ስጡት፤ ከሌላ ዳታቤዝ ጋር አታስቀምጡት፤ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚወስድ ሊንክም አይኑረው። ቢሰበር የሚወድቀው እሱ ብቻ ይሁን።

ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ድርጅት፣ በጀት ያለው። መብት መቀነስንና ኦዲትን አብራችሁ አስኪዱ። የመብት ትንተና መሣሪያ ካላችሁ ከሱ ጀምሩ። ውድ የክትትል ሶፍትዌር ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ሁሉም ሰው ሲስአድሚን በሆነበት ቤት የሚልከው መልእክት ብዛቱ አንባቢ አያገኝም።

ድጋፍ ያበቃ ቨርዥን ላይ ያላችሁ። የመሸጋገሪያ እቅዱን ዛሬ ጀምሩ። እስከዚያው ድረስ ዳታቤዙን ከአፕሊኬሽኑ ሰርቨር በስተቀር ማንም በኔትወርክ እንዳያገኘው ዝጉ፣ መብት ቀንሱ።

በመጨረሻ ለሁሉም የሚሆን አንድ የቅደም ተከተል ጉዳይ። ፓች ቀድሞ የገባን አጥቂ አያስወጣም። ክፍተቱ ከወጣ ቆይቶ ከሆነ፣ ከመጫናችሁ በፊት የሱፐርዩዘሮችን፣ የሮሎችን፣ የትሪገሮችንና በባለቤት ሥልጣን የሚሮጡ ፋንክሽኖችን ዝርዝር አውጥታችሁ ከድሮ ባክአፕ ጋር አስተያዩ። የማታውቁት ስም ካገኛችሁ ሎጉን ወደ ሌላ ማሽን ቅዱና አስቀምጡ፣ ከዚያ ፓቹን ጫኑ፣ የአድሚንና የአፕሊኬሽን ፓስወርዶችን በሙሉ ቀይሩ።